አንሪ ክሬቲየን፦ የፊልምን ስክሪን ያሰፋው የሥነ ፈለክ ሊቅ

በሰፊ ስክሪን የተሠሩ ፊልሞች በዘመናዊ ቴሌቪዥን ሲታዩ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር የሚታየው ለምንድን ነው? መልሱ እ.አ.አ. በ1879 ፓሪስ ውስጥ ወደተወለደው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንሪ ክሬቲየን ይመልሰናል።

ክሬቲየን ከአሜሪካዊው ጆርጅ ሪቺ ጋር የነደፈው የቴሌስኮፕ መስታወት አሠራር ዛሬ በሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ያገለግላል። በ1920ዎቹ ደግሞ ሰፊ ትዕይንትን ከግራና ከቀኝ አጥብቦ በተለመደው የፊልም ጥቅል ላይ የሚያሳርፍ፣ በማሳያ ጊዜም መልሶ የሚዘረጋ ሌንስ ሠራ። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ክሎድ ኦታን-ላራ አንድ አጭር ፊልም ቢቀርጽበትም፣ ሌንሱ ከ20 ዓመታት በላይ ፈላጊ አጥቶ ቆየ።

ዕጣውን የለወጠው ቴሌቪዥን ነበር። በ1950ዎቹ መባቻ ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ሲርቅ፣ የሆሊዉዱ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ቴሌቪዥን የሌለውን ስፋት ፍለጋ ዕድሜው ከ70 ዓመት ያለፈውን ክሬቲየን ደጅ አንኳኳ። በ1953 “ዘ ሮብ” የተሰኘው ፊልም ሲኒማስኮፕ በተባለው በዚህ ስልት ለዕይታ በቃ። ክሬቲየን በቀጣዩ ዓመት የኦስካር የቴክኒክ ሽልማትን ተጋራ፤ በ1956 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ።

የዛሬ ቴሌቪዥኖች ስፋት ከቁመታቸው 1.78 እጥፍ ነው፤ የብዙዎቹ ሰፊ ፊልሞች ግን 2.39 እጥፍ። የምስሉ ዳርና ዳር ሳይቆረጥ እንዲታይ ከስክሪኑ ቁመት ሩብ ያህሉ ባዶ ይቀራል። ብልሽት የሚመስለው ጥቁር መስመር፣ ቴሌቪዥንን ለመብለጥ የሰፋ ፊልም በዚያው በቴሌቪዥን ሲታይ የሚተወው ክፍተት ነው።