የሁለት ስም ባለቤት፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ከእንጦጦ በስተምሥራቅ፥ በየካ ኮረብታዎች ግርጌ፥ ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሰጡት ሰፊ ግቢ አለ፤ ዛሬ ኤምባሲ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዚህ ሌጋሲዮን ሐኪም የነበሩትን ሰው እንግሊዞች ዶክተር ማርቲን ሲሏቸው፥ የአገሩ ሰው ግን ሐኪም ወርቅነህ ይላቸው ነበር። የአያት ቅድመ አያቱን ትውልድ ለመቁጠር የሚነሣ ወጣት የእኚህን ሰው ታሪክ ቢያውቅ ይጠቀማል ብለን እናምናለን።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፥ አንድ ሕፃን ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁ የአባቱን ስም ለመያዝ ዕድሜው አልፈቀደለትምና ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ላሆር ላይ ሕክምና ተምሮ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነ። ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ ግን የንጉሥ ልጅ ነበርና ዘሩ አንድ ቀን አልተረሳም፤ ሆኖም በ1872 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ። ዘሩ የታወቀው እዚያው ሲቀር፥ ዘሩ የጠፋው መመለሱ ያስደንቀናል።

ከዓድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪሙ አዲስ አበባ ገቡ። በመልክ ሐበሻ፥ በቋንቋ እንግዳ የሆኑት ሐኪም ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ከአንዲት አሮጊት ጆሮ ደረሰ። እመት መጥተው የሐኪሙን ክንድና እግር ተመለከቱ፤ የሚያውቁትንም የልጅነት ጠባሳ አገኙ። የልጅ ልጃቸው ወርቅነህ፥ የእሸቴ ልጅ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥተን ቢሮ የገባን ሰዎች ማኅተም የሌለበትን ነገር ማስረጃ ለማለት እንቸገራለን። በዚህ ነገር ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ማርቲን ሲል፥ ወርቅነህ የሚለውን ስም ጠብቀው ያቆዩት አያት ነበሩ።

እርሳቸውም ሁለቱን ስሞች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልጣሉም። ስለዚህ ፈላጊያቸው የሕንድና የለንደን መዛግብት ውስጥ ማርቲን ብሎ፥ እዚህ ደግሞ ወርቅነህ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ በአንዱ ብቻ የሄደ ግማሹን ሰው ያጣል።

በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ጨርጨርን ገዙ፤ በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። አባት ለንደን ሳሉ፥ በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው፥ በ1945 ዓ.ም. አያታቸው ባገኟቸው ከተማ በአዲስ አበባ ዐረፉ።