ብርሃንን የመዘነው ፒዮትር ሌቤዴቭ

ከኩታበር የመጣን ተማሪዎች በልጅነታችን ያየነውን አንረሳም። ጠዋት በጎጆው ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ጨረር በአየር ላይ የሚዋልለውን ትቢያ ያሳየን ነበር። ትቢያውን የሚያወዛውዘው አየሩ እንጂ ብርሃኑ አልነበረም። ይሁን እንጂ ብርሃንም ራሱ እንደሚገፋ በሥራ ያረጋገጠ ሰው አለና፣ ታሪኩን ለጓደኞቻችን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒዮትር ሌቤዴቭ በ1866 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። በአገሩ የቴክኒክ ትምህርት ከጀመረ በኋላ ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ ከፕሮፌሰር ኩንት ዘንድ ፊዚክስ ተማረ፤ በ1891ም የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቶ ተመለሰ።

ስኮትላንዳዊው ማክስዌል ብርሃን ያረፈበትን ነገር እንደሚገፋ በ1873 በሒሳብ ገልጾ ነበር፤ ነገር ግን ለክቶ ያሳየ አልተገኘም። በጠራራ ፀሐይ አንድ ሜትር ካሬ በሆነ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት የግማሽ ሚሊግራም ክብደት እንኳ አያክልም። በዚያ ላይ በብርሃኑ የሞቀው አየር እየተንቀሳቀሰ ልኩን ያበላሻል። ሌቤዴቭ ከብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አየሩን አስወጥቶ፣ ስስ የብረት ክንፎችን በቀጭን የብርጭቆ ክር አንጠልጥሎ ብርሃን ጣለባቸው። ክሩ ተጠመዘዘ፤ የሚያብረቀርቀውም ክንፍ ከጥቁሩ እጥፍ ያህል ተገፋ። ውጤቱን በ1900 በፓሪስ ለተሰበሰቡት ሊቃውንት አስረድቶ፣ በ1901 በጽሑፍ አወጣው።

እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ የሚነካን ግን የመጨረሻ ዘመኑ ነው። በ1911 የንጉሡ መንግሥት የተማሪዎችን ስብሰባ ከለከለ፤ ፖሊስም ወደ ሞስኮ ዩኒቬርሲቲ ገባ፤ የዩኒቬርሲቲው አስተዳዳሪም ተሻረ። ከመቶ የሚበልጡ መምህራን ይህን ተቃውመው ሥራቸውን ሲለቁ ሌቤዴቭም ያቋቋመውን ላቦራቶሪ ትቶ ወጣ። በሰዎች ርዳታ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ሥራውን ቢቀጥልም፣ የልብ ሕመምተኛ ነበረና በመጋቢት 1912 በ46 ዓመቱ ሞተ።

አሜሪካዊው አሽኪን በ1970 በሌዘር ብርሃን ጥቃቅን ቅንጣቶችን ገፍቶ አሳየ፤ ለዚሁ ሥራው በ2018 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ ደግሞ ከጠጉር እጅግ በቀጠነ የብርጭቆ ክር ውስጥ ብርሃን ሲላክ፣ ከክሩ ዳር የሚተርፈው ብርሃን ቅንጣቶችን ወደ ክሩ ስቦ ወደ ሄደበት ይነዳቸዋል። የሌቤዴቭ ክር ብርሃንን መዘነ፤ የዛሬው ክር ብርሃንን ይሸከማል።

ከግማሽ ሚሊግራም ያነሰውን ለመመዘን ዓመታት የታገሠው ሰው፣ የዩኒቬርሲቲውን ነፃነት ቀላል አድርጎ አልመዘነውም። እኛም ከፊዚክስ ትምህርቱ ጋር ይህን አብረን ብንማርለት መልካም ነው እንላለን።