ዜማ ለቃሚው የፖሊስ አዛዥ

በዚህ እትም ላስተዋውቃችሁ የፈለግኩት ሰው ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ፖሊስ ነበር። ግን ሰምቶ በመመዝገብ በኩል እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከእሱ ብዙ የምንማረው ያለ ይመስለኛል። ስሙ ፍራንሲስ ኦኔል ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦኔል በ1848 በደቡብ አየርላንድ፣ በኮርክ ግዛት፣ ትራሊባን በምትባል የገጠር ቦታ ተወለደ። አገሩ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ በረሃብ የሚያልቅበት ዘመን ነበር። ዋሽንት መጫወት የተማረው በልጅነቱ ነው። በ16 ዓመቱ መርከበኛ ሆኖ ወጣ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ መርከቡ ተሰባብሮ ሰው በሌለበት ደሴት ቀሩ። ያነሳቸው መርከብ ላይ ምግብ አልበቃ ሲል ኦኔል ከአንድ የሃዋይ መርከበኛ ዋሽንት ተቀብሎ ተጫወተለት፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ድርሻውን ያካፍለው ጀመር። ዜማ እንጀራ ሆነው ማለት ነው።

በ1873 ቺካጎ ከተማ ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሌባ ተኮሰበት፤ ጥይቱም እስከ ዕለተ ሞቱ ጀርባው ውስጥ ቀረ። ከ1901 እስከ 1905 የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበር። ታዲያ ዛሬ የሚታወሰው በያዛቸው ሌቦች ሳይሆን በለቀማቸው ዜማዎች ነው።

ከዜማዎቹ አንዱ ዓይነት ጂግ ነው። ጂግ የአየርላንድ ጭፈራ ዜማ ሲሆን የተለመደው ስድስት ምት አለው፤ ሦስት ሦስት ተደርጎ ይቆጠራል። ዘጠኝ ምት ያለውም አለ። ተጫዋቾቹ በጆሮ ስለሚማሩት ዜማው ከመንደር መንደር ይለወጣል። አንዱ ጋ ሁለት ክፍል የነበረው ሌላው ጋ ሦስት ይሆናል። ስሙም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ቦታ ስለ ውርጩ ማለፍ በሚያወራ ስም የሚጠራ ጂግ ሌላ ቦታ ገንፍሎ ስለሚፈስ ማንቆርቆሪያ በሚያወራ ስም ይጠራል።

አየርላንድ ውስጥ አንድ ሰው የሚሰማው የሰፈሩን ተጫዋች ነው። ቺካጎ ግን ከሁሉም ግዛት የመጣ ስደተኛ ነበረባት። ኦኔል ለዚህ ዕድለኛ ነው። ችግሩ፣ ዜማ በኖታ መጻፍ አይችልም! ስለዚህ እሱ በዋሽንት ሲጫወት ወይም ሲያንጎራጉር፣ ዝምድና የሌላቸው ግን የአባት ስማቸው አንድ የሆነው ሳጅን ጄምስ ኦኔል ይጽፍለት ነበር። በ1903 1,850 ዜማዎች ያሉት መጽሐፍ ወጣ፤ 415ቱ ባለ ስድስት ምት ጂጎች ናቸው። በመሀል፣ በ1904፣ የቀረው አንድ ወንድ ልጁ ሞተበት። ሥራው ግን አልቆመም፤ በ1907 1,001 የጭፈራ ዜማዎች የያዘውን ሁለተኛ መጽሐፍ አወጣ። አየርላንዳውያን ተጫዋቾች ቆይተው ይህን መጽሐፍ ስሙን ሳይጠሩ መጽሐፉ ብቻ ይሉት ጀመር።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ከአምስት ዓይነት አጨዋወት አንዱ ሲታተም ትክክለኛው እሱ ይመስላል። የቀሩት አራቱስ? ኦኔልና ጓደኞቹ ተሰብስበው፣ አወዳድረው ይመርጡ ነበር፤ የመረጠ ደግሞ መጣሉ አይቀርም። ቢሆንም በ1903ቱ መጽሐፍ ከዜማዎቹ በላይ ዜማውን የሰጠውን ሰው ስም አስፍሯል። በ1913 ደግሞ የተጫዋቾቹን ሕይወት ራሱን የቻለ ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ ጻፈ፤ ዓይነ ስውራንና ድሆች ሳይቀሩ እዚያ ውስጥ አሉ። በ1931 መጻሕፍቱን ለኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሰጥቶ በ1936 በ87 ዓመቱ አረፈ።

እኛም ቃለ ምልልስ ቀድተን ስንቆርጥ ከብዙው አንዱን እየመረጥን ነው። መምረጡ ግድ ነው፤ ከማን እንደሰማን መደበቅ ግን ግድ አይደለም። መቼም ፖሊስ እንኳ የዜማ ምንጩን ከጠቀሰ እኛ ምን ምክንያት ይኖረናል?

ቸር ያሰንብተን።