ለእጢ ስም ያወጡት ሐኪም

ታላቅ እህቴ እግሯ እየደነዘዘ መራመድ ሲያቅታት ህብለ ሰረሰሯ ውስጥ እጢ ተገኘ። ትድናለች ወይ ብለን ስንጠይቅ ሐኪሟ የእጢው ዓይነት ሳይታወቅ መልስ መስጠት እንደማይቻል ነገሩን። የናሙናው ውጤት እስኪመጣ የጠበቅናቸውን ሳምንታት አልረሳቸውም። የዶ/ር ሃርቪ ኩሺንግን ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ዶ/ር ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ከሐኪሞች ቤተሰብ ተወለዱ። በ1895 ከሐርቫርድ በሕክምና ተመረቁ። በዚያ ዘመን የራስ ቅል ከፍቶ እጢ ማውጣት ታማሚውን ለሞት አሳልፎ እንደመስጠት ይቆጠር ነበር። እሳቸው ግን የሚደማውን የደም ሥር በትንንሽ የብር ማያዣ እየቆነጠጡ፣ ሳይጣደፉ እየሠሩ፣ በቀዶ ሕክምና የሚሞቱባቸውን ከ10 በመቶ በታች አወረዱት። በ1931 የአንጎል እጢ ያለባቸው ታካሚዎቻቸው ቁጥር 2 ሺሕ ደረሰ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያወጡትን እጢ አይጥሉም ነበር። ናሙናውን፣ ፎቶግራፉንና መዝገቡን ያስቀምጣሉ፤ የዳኑትንም በደብዳቤ ለዓመታት ይከታተላሉ። በቁጣቸው ረዳቶቻቸውን የሚያስጨንቁት እኚህ ሰው መዝገብ ላይ ትዕግሥታቸው አያልቅም ነበር።

ይህ ክምችት በ1926 ፍሬ አፈራ። ከዶ/ር ፐርሲቫል ቤይሊ ጋር ሆነው ከ400 በላይ ግላዮማ የሚባሉ እጢዎችን ካጠኑ በኋላ፣ በማይክሮስኮፕ የታየውን የሴል ዓይነት ታማሚው ከኖረበት ዕድሜ ጋር አስተያዩት። አንዱ ዓይነት በወራት ሲገድል ሌላው ዓመታት እንደሚያኖር ታየ። ሜዱሎብላስቶማ ብለው የሰየሙት የሕጻናት እጢ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር ስለሚዛመት፣ የጨረር ሕክምናው ጀርባንም እንዲያካትት ተደረገ።

ዶ/ር ኩሺንግ በ1939 በልብ ሕመም አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር በገዛ አንጎላቸው ውስጥ ብርቅ የሆነ፣ ካንሰር ያልሆነ ትንሽ እጢ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ምደባ የእጢውን ዘረመል ጭምር ያያል፤ ብዙዎቹ ስሞች ግን ዛሬም እነሱ የተጠቀሙባቸው ናቸው።

የእህቴም እጢ ስም ከነሱ መዝገብ ውስጥ ያለ ነው፦ ኢፔንዲሞማ። ሐኪሟ ስሙን ካወቁ በኋላ ነው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከወጣ ጥሩ ተስፋ እንዳለው የነገሩን። ዛሬ በምርኩዝ ትራመዳለች።