የብረትን ውስጥ ያየ ሰው፤ ሔንሪ ክሊፍተን ሶርቢ

ናይሮቢ የሐዲድ ልጅ ናት። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር መንገድ በ1899፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከረግረጉ ሜዳ በደረሰ ጊዜ ተቈረቈረች። ሐዲድ የሚሠራበት ብረት ግን በውስጡ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ለዓለም ያሳየው መሐንዲስ አልነበረም፤ የሼፊልዱ ሔንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ነው።

ሶርቢ በ1826 ከመሣሪያ ሠሪ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ሲሞት መጠነኛ ሀብት ስለ ተወለት ደመወዝ ሳይፈልግ ዕድሜውን ለምርምር ሰጠ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ1849 ድንጋይን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳስቶ በአጉሊ መነጽር መመርመር ጀመረ፤ ተራራን በመነጽር ሊያይ ነው ብለው የሣቁበትም ነበሩ።

ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን ሲመረምር ሐሳቡ ወደ ብረት ተሻገረ። በ1863 ብረትን እንደ መስተዋት ወልውሎ፣ በቀጭን አሲድ ነክሮ ቢያየው፣ አንድ ወጥ የሚመስለው ነገር እርስ በርሳቸው በተጋጠሙ ቅንጣቶች የተሠራ ሆኖ አገኘው። በሚቀጥለው ዓመት ለሊቃውንት ጉባኤ ቢያሳይም፣ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ነገሩን ከቁም ነገር የቈጠረው ሰው እምብዛም አልነበረም። ባቡር በተገለበጠ ጊዜ ሐዲዱ ተነሥቶ በአጉሊ መነጽር ይመርመር ብሎ ቢናገር ኖሮ ለእብዶች ቤት የተገባ ሰው ያሰኘው እንደ ነበረ፣ በስተርጅናው ራሱ አስታውሷል። ዛሬ ሐዲድ ሲሰበር የሚደረገው ይኸው ምርመራ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በ1887 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ብረት በቀዝቃዛው ሲቀጠቀጥ ቅንጣቶቹ ይለጠጣሉ፤ ብረቱም ይጠነክራል፣ እምቢ ይላል። እንደ ገና እሳት ሲገባ ግን፣ ሳይቀልጥ፣ በተለጠጡት ቦታ አዲስ ቅንጣቶች ተወልደው አሮጌዎቹን ይተካሉ። ግሎ ሲቀጠቀጥ ደግሞ ይህ ውልደት እዚያው በመዶሻው ሥር ሊፈጸም ይችላል። የእኛ አገር ቀጥቃጭ ማረሻው እምቢ ሲለው ወደ ወናፉ የሚመልሰው ይህንኑ በእጁ ስለሚያውቅ ነው። ሶርቢ በዓይን አሳየው እንጂ፣ ዕውቀቱስ የመዶሻ ያህል ጥንታዊ ነው።

ዛሬ ፋብሪካዎች ይህን ውልደት መግታትን ተምረዋል። ናዮቢየም፣ ቫናዲየም ወይም ቲታኒየም፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 0.1 እጅ እንኳ በማይሞላ መጠን፣ በብረቱ ይጨመራል። የጋለው ብረት በመዳመጫው ሲያልፍ እነዚህ ከካርቦንና ከናይትሮጅን ጋር ተዋሕደው እንደ ደቃቅ አተላ ይለያሉ፤ የቅንጣቶቹን ድንበር አንቀው ስለሚይዙ ቅንጣቱ ሳይወፍር ይቀራል። ቅንጣቱ የደቀቀ ብረት ደግሞ ብርቱ ነው፣ በቀላሉም አይሰነጠቅም። ይህን ሶርቢ አላየም።

ሚስት አላገባም፤ እናቱ በ1874 እስክትሞት ድረስ ከእርሷ ጋር ኖረ። በሼፊልድ የፈርዝ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ብዙ ዘመን ደከመ፤ ኮሌጁም ኋላ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆነ።

ያረፈው በመጋቢት 1908 ነው። ይህም በእኛ አቈጣጠር 1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን ጠይብ ብሎ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። በእነ ሶርቢ አገር መሣሪያ ሠሪ የተከበረ ማኅበር ነበረው፤ በእኛ አገር ግን ብረት ቀጥቃጩን ከስድብ ለማዳን የንጉሥ ቃል አስፈለገ። ሶርቢ ከሀብቱ ከፊሉን ለሳይንስ ምርምርና በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ለሥነ ምድር መምህርነት ወንበር ተናዞ ነበር።