የራሳቸውን መንገድ ያወጡት አለቃ ገብረ ሐና



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ ያነሣሣን ነገር የካርታ ጨዋታ ነው ብንል አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ አንጋፋ አባላችንን ቀበርን። ሟቹ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ከጋይንትም ሆነ ከስማዳ፣ ከእስቴም ሆነ ከሌላው፣ ዳዊት ማስጻፍ የፈለገ ሁሉ ደጃቸውን ሲጠና ኖሯል። እንደ ደንባችን ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። የንፋስ መውጫን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድር ሰው ብርዱንም እንቅልፉንም የሚረታው በጨዋታ ነውና ካርታ ወጣ።

በመጀመሪያው ሌሊት የሟቹ የልጅ ልጅ፣ ገና የዐሥራ ምናምን ዓመት ልጅ፣ ሁላችንም የምናውቃትን የካርታ ምትሐት ሊያሳየን ተነሣ። አንድ ሰው አንዲት ካርታ ይመዝዛል፤ ለራሱ ብቻ አይቶ ይመልሳል፤ ከዚያ ባለካርታው ያችኑ ፈልጎ ያወጣል። በሠፈራችን የተለመደው ዘዴ ከሁሉ በታች ያለችውን ካርታ ሰርቆ ማየት ነው። የተመረጠችው ካርታ ከላይ ተቀምጣ ካርታው አንድ ጊዜ ሲቆረጥ ያች የታች ካርታ መጥታ ከተመረጠችው ላይ ታርፋለች። እሷን ያገኘ ቀጣዩዋን አገኘ ማለት ነው። ታዲያ ልጁ ገና ሲጀምር አንድ አባት ካርታውን እኔ ራሴ እበውዘዋለሁ ብለው ተቀበሉት። በደንብ ከተበወዘ ሁለቱ ካርታዎች ይለያያሉ፤ ዘዴውም ከንቱ ነው። ልጁ አፈረና ተቀመጠ።

በማግሥቱ ማታ ግን ተመልሶ መጣ። ካርታውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ክምር ለአንድ አባት፣ ሌላውን ለሌላ አባት ሰጠና እንደ ልባቸው እንዲበውዙ ነገራቸው። ከአንዱ ክምር አንዲት ካርታ ተመዘዘች፣ ከሌላው ክምር ውስጥ ገባች፣ ያም ክምር እንደገና ተበወዘ። ልጁ ክምሩን ገልጦ አየና ካርታዋን ቁጭ አደረጋት። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ፤ ሐዘንተኞቹም ሳይቀሩ ፈገግ አሉ።

በኋላ ስንጠይቀው ዘዴውን ነገረን። 52ቱን ካርታ ቀን ሲለይ ውሏል። አሶን አንድ፣ ጃክን 11፣ ንግሥቲቱን 12፣ ንጉሡን 13 ብሎ ቆጥሮ ጎዶሎ ቁጥሮችን ባንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥሮችን ባንድ ወገን አድርጓል። ጎዶሎዎቹ 28፣ ሙሉዎቹ 24 ይሆናሉ። ቀዩም ጥቁሩም ተቀላቅሎ ስለሚታይ ማንም ልብ አይልም። ክምሩ የቱንም ያህል ቢበወዝ ከባዕድ ወገን የገባችው አንዲት ካርታ ብቻዋን ትታወቃለች። ይህን ዘዴ በሌላ አገር ሌሎች ቀድመው ያውቁት ይሆናል፤ ልጁ ግን ያስተማረው ሰው ስላልነበረ በራሱ አስቦ ደረሰበት።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ግማሾቹ ይህ የለመድነው ጨዋታ አይደለም፣ ከመንገዱ የወጣ ነው አሉ። ግማሾቹ ደግሞ የሚታየው ያው እስከ ሆነ ድረስ መንገዱ ቢለወጥ ምን ጉዳት አለው አሉ። በዚህ መካከል የቤተ ክህነት ትምህርት የጠገቡ አንድ አባት ጣልቃ ገቡና ይህ ክርክር በአለቃ ገብረ ሐናም ላይ ደርሶ ነበር አሉን። እኛም የሰማነውንና የምናውቀውን አጠናቅረን ለአባላት ለማቅረብ የዚያን ዕለት ቃል ገባን።

አለቃ ገብረ ሐና የኛው የበጌምድር ሰው ናቸው። የተወለዱት በ1814 ዓ.ም. ገደማ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው አገር፣ ከጣና ሐይቅ አጠገብ ነው። እንደ ዘመኑ ልጆች ትምህርትን ፍለጋ ከአገራቸው ወጡ። ወደ ጎጃም ዘልቀው ቅኔ ተማሩ፤ በጎንደርም አቋቋሙን፣ መጻሕፍቱን፣ ፍትሐ ነገሥቱን ተማሩ። ተምረውም ለማስተማር በቁ። ስለዚህ እሳቸው ያልተማሩትን የሚያፈርሱ ሰው አልነበሩም፤ መጀመሪያ ነባሩን ጠንቅቀው የያዙ መምህር ነበሩ። ይህን ነገር አንባቢ አጥብቆ እንዲይዝልን እንለምናለን።

የብዙ ነገሥታት ዘመን አይተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. ሲነግሡ እሳቸው የጎለመሱ ሊቅ ነበሩ። ንጉሡ ኮስታራ፣ አለቃ ደግሞ ቀልደኛ፤ የሁለቱ ነገር ሳይስማማ መቅረቱና አለቃም ገለል ለማለት መገደዳቸው ሲነገር ኖሯል። በስተኋላም ወደ ሸዋ ወርደው በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት ታወቁ። ቀልዳቸው በመላ ኢትዮጵያ የተሰማውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ዛሬ አለቃ ገብረ ሐና ሲባል የማይስቅ የለም። አሽሙራቸውን፣ የቃላት ጨዋታቸውን፣ በሰምና ወርቅ የሚወረውሩትን ነገር ገበሬውም ተማሪውም ያወራዋል። ሌላ ሰው የተናገረው እንኳ በእሳቸው ስም ይነገራል። እኛ ግን ቀልዱን እዚህ አንደግመውም፤ እያንዳንዳችሁ ከኛ የበለጠ ታውቁታላችሁና። የምናዝነው ቀልዱ ትልቁን ሥራቸውን ስለ ጋረደው ነው። ካርታ የሚጫወት ሰው በአንድ እጁ እያሳየ በሌላው ይሠራል ይባላል። የአለቃም ነገር እንዲሁ ሆኖ አገር የሚያየው የሚያሳየውን እጅ ብቻ ነው።

ትልቁ ሥራቸው አዲስ አቋቋም ማውጣታቸው ነው። ይህን ትምህርት ለማያውቁ አባሎቻችን በአጭሩ እናስረዳ። አቋቋም ማለት የቅዱስ ያሬድን ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ እየታገዙ፣ ከአካል እንቅስቃሴ ጋር አስማምቶ ማቅረብ ነው። ቁሙ፣ ዝማሜው፣ መረግዱ፣ ጽፋቱ፣ ወረቡ፣ ሁሉም የየራሱ ሥርዓት አለው። ተማሪ እያንዳንዱን በቃሉ ለመያዝ ዓመታት ይፈጅበታል። ጎንደር የዚህ ትምህርት ዋና ከተማ ነበረች፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ስልቶችም የተገኙት ከዚያው ነው።

ታዲያ አለቃ ይህን ሁሉ ከያዙ በኋላ ሌላ ነገር በልባቸው ይመላለስ ጀመር። ሲነገር እንደ ቆየው በጣና ዳር ሲኖሩ ሐይቁን አተኩረው ይመለከቱ ነበር። ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ በዳርቻው ያለው ደንገልና ሸምበቆ በነፋስ ዘንበል ቀና ሲል፣ ይህ እንቅስቃሴ ለዝማሜ እንዴት ያማረ ይሆን ብለው አሰቡ ይባላል። ከዚያም መቋሚያውና አካሉ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንደ ማዕበል የሚሄዱበትን ስልት አወጡ። ዜማውን አልነኩም፤ ዜማው የያሬድ ነው። ቃሉንም አልለወጡም። የለወጡት ዜማው በአካል ላይ የሚሄድበትን መንገድ ብቻ ነው።

ይህን ይዘው ሲቀርቡ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። እነዚያን ሊቃውንት መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንወቅሳቸውም። ያ ዘመን ለጎንደር ክፉ ዘመን ነበር። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አስዘርፈው አቃጠሏት፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። መጽሐፍ ሲቃጠል፣ መምህር ሲሰደድ ያየ ሰው በቃሉ የያዘውን እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቅ ምን ያስደንቃል? ዛሬ አንዱ ዝማሜውን ቢለውጥ ነገ ሌላው ዜማውን ይለውጣል፣ ከነገ ወዲያ ምን ይቀራል የሚለው ሥጋት እውነተኛ ሥጋት ነው። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ልጁን የተቃወሙት አባቶችም ቢሆኑ ክፉ አስበው አልነበረም።

አለቃ በዚህ ጊዜ ሊያደርጉት የሚችሉት ሁለት ነገር ነበር። ተናድደው ያወጡትን ይዘውት መሞት፣ ወይም አንድ ተቀባይ መፈለግ። እሳቸው ሁለተኛውን መረጡ። ሊቃውንቱ እንቢ ያሉትን ለገዛ ልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ተክሌም የአባቱን ስልት አጥንቶ ወደ ደብረ ታቦር ወሰደው፤ እዚያም ተቀባይ አገኘ። አቋቋሙም በአውጪው ስም ሳይሆን በተቀባዩ ስም የተክሌ አቋቋም ተባለ። አባትየው ስማቸው በቀልድ ቀረ፤ ሥራቸው በልጃቸው ስም ይጠራል። ዛሬ የዚህ አቋቋም ማስመስከሪያ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው። በየበዓሉ ነጭ የለበሱ ሊቃውንት ባንድነት ወዲያና ወዲህ ሲሉ ያየ ሰው ጣናን ሳያይ ማዕበሉን አየ ማለት ነው። ጎንደር አልቀበልም ያለችው ስልት ዛሬ ከነባሮቹ እኩል በመላ አገሪቱ ይቀርባል። አለቃ በ1898 ዓ.ም. ገደማ፣ ከ80 ዓመት በላይ ኖረው ሲያርፉ ሥራቸው አብሯቸው አልተቀበረም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የባሕር ማዶ ሰው ብናነሣ አይከፋም፤ የሚያሳየን ነገር አለና። አለቃ በኖሩበት ዘመን በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ዮሃን ኔፖሙክ ሆፍዚንሰር የሚባሉ ሰው ነበሩ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1806፣ የሞቱት በ1875 ነው። ኑሯቸው የመንግሥት ሥራ ሲሆን ማታ ማታ ግን በሳሎናቸው ለእንግዶች የካርታ ምትሐት ያሳዩ ነበር። ሌሎች በሚያሳዩት ላይ አልቆሙም፤ የታወቀውን ጨዋታ ሁሉ በራሳቸው ዘዴ እንደ አዲስ ይሠሩት ነበር። ካርታን እንደዚያ ያከበረ ከሳቸው በፊት አልነበረም ይባላል። ነገር ግን ሲሞቱ ጽሑፎቻቸው እንዲቃጠሉ ተናዘዙ፤ ሚስታቸውም ኑዛዜውን እንደ ፈጸሙ ይነገራል። ኦቶካር ፊሸር የሚባል የአገራቸው ሰው ከደቀ መዛሙርታቸው የተረፈውን ለቃቅሞ በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ይኸውም ከሞቱ ከ35 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለሰው ያሳዩት ቀረ፤ የደበቁት ጠፋ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። የቀበርናቸው ቁም ጸሐፊ አባላችን ቀለም የሚያዘጋጁበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ጋር ምን ምን ተቀላቅሎ፣ ስንት ጊዜ ተወቅጦ፣ ምን ያህል ጊዜ ተዘፍዝፎ እንደሚቀመጥ ጸሐፊ ሁሉ ከመምህሩ ይማራል። እሳቸው ግን ከተማሩት ላይ ጨምረው የራሳቸውን አውጥተው ነበር። ከ40 ዓመት በፊት የጻፉት ዳዊት ዛሬም ትናንት የተጻፈ ይመስላል። በሰልስቱ ዕለት ቤተ ሰቡን ስንጠይቅ ቀለሙን እንዴት እንደሚሠሩ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ብዙ ጊዜ የሚማር ልጅ እንፈልግላቸው እየተባለ ነገ ከነገ ወዲያ ሲባል ቀረ። እድራችን ድንኳን አቀረበ፣ ገንዘብ ከፈለ፣ መቃብር አስቆፈረ፤ ያን ዕውቀትም አብሮ ቀበረ። ይህን ስንጽፍ የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

አገራችን እኮ የዕውቀት ድኻ አልነበረችም። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም ያለው በጋይንት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በጋይንት ነው። እነዚህ ቦታዎች የኖሩት አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈ ስለ ኖረ ነው። አንድ ትውልድ ቢዘል አለቀ፤ መልሶ የሚተከል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የአለቃ ገብረ ሐና ሕይወት ለኛ የሚነግረን ይህን ነው። በመጀመሪያ ነባሩን ጠንቅቆ መማር። ቀጥሎ የማይነካውንና የሚነካውን መለየት፤ ዜማው ዜማ ነው፣ ካርታዋም ያች የተመረጠችው ካርታ መሆን አለባት። ከዚያ በኋላ የራስን መንገድ ማውጣት ነውር አይደለም። ሦስተኛውና ዋናው ግን አንድ ሰው ማስተማር ነው። ብዙኃኑ እንቢ ቢሉ አንድ ተክሌ ይበቃል።

የሥራ አመራሩን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። በመዝገባችን ላይ ከወርኃዊ መዋጮው ገጽ ቀጥሎ ሌላ ገጽ ይከፈት። ሸማኔውም፣ መድኃኒት አዋቂዋም፣ በገና ደርዳሪውም፣ ጠላ አሳምራ የምትጠምቀዋም፣ ማን ምን እንደሚያውቅና ለማን እያስተማረ እንደሆነ ይጻፍ። ባዶ የሆነ መስመር ካየን የመቃብር ቆፋሪ ከመላካችን በፊት ተማሪ እንላክ።

የልጁን ነገር ሳንጨርሰው አንለፍ። ከሰልስቱ በኋላ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥሩን ለታናሽ እኅቱ ሲያሳያት አገኘነው። እሷ ደግሞ ሁለቱ ክምሮች እኩል አለመሆናቸው እንዳይነቃ ብላ ሌላ አከፋፈል እየፈለገች ነው። አያቷን ቀለም እንዴት እንደሚሠሩ የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ልጅ በጊዜው ተልኮ ቢሆን ኖሮ እያልን ወደየቤታችን ሄድን።

ለሁላችንም ዕድሜና ጤና ይስጠን።