ሕግን ከወረቀት ወደ ሥራ ያወጡት ወይዘሮ ፍሎረንስ ኬሊ

ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ የወጣውን ሕግ በሥራ ላይ ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንን ልዩነት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥቂት ጊዜ ያገለገለ ወጣት ሁሉ ሳይረዳው አይቀርም። ዛሬ ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ አሜሪካዊት የሕግ ዐዋቂ ወይዘሮ ፍሎረንስ ኬሊ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች መካከል ያለውን ገደል በመሙላት ነው። በጽሑፋችን የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወይዘሮ ፍሎረንስ በመስከረም ወር 1859 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዊልያም ኬሊ ብዙ ዓመት በአሜሪካ ምክር ቤት እንደራሴ ሆነው የቆዩ ሰው ነበሩ። እናታቸው ከወለዷቸው 8 ልጆች መካከል 5ቱ ሴቶች ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ፥ ፍሎረንስ ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ብቻ አደጉ። የሕፃን ሞት ምን ማለት እንደ ሆነ የተማሩት እንግዲህ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናታቸው ኀዘን ነው።

አባታቸው ማንበብ ያስተማሯቸው በሸክላ ሥራ የሚደክሙ ሕፃናት ሥዕል ባለበት መጽሐፍ ነበር። ልጃቸው 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸውም በፒትስበርግ አቅራቢያ የሚገኙትን የብረትና የብርጭቆ ፋብሪካዎች በሌሊት ወስደው አሳዩአቸው። የሚንቀለቀለውን ምድጃ ለማየት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የእሳቱን ኃይል ሲያደንቅ፥ የፍሎረንስ ዓይን ያረፈው በእሳቱ ዳር ውኃ በሚያመላልሱትና በሚላላኩት ትንንሽ ልጆች ላይ ነበር። የእናታቸው አክስት ሣራ ፑ ደግሞ የባርነት ብርቱ ተቃዋሚ ስለ ነበሩ ባሮች ያመረቱትን ስኳር አይቀምሱም፥ ጥጡንም አይለብሱም ነበር። ገዢ የሆነ ሰው ለሚገዛው ዕቃ ኃላፊነት አለበት የሚለው አሳብ በፍሎረንስ ልብ የተተከለው ከዚህ ቤት ነው።

በ1882 ዓ.ም. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ የመመረቂያ ጽሑፋቸው በሕግ ፊት ስላለው የሕፃን መብት ነበር። ከዚያ በላይ ለመማር የፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲን ቢጠይቁ ሴት በመሆናቸው አልተቀበላቸውም። ስለዚህ ለሴቶች በሩን ወደ ከፈተው ወደ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በ1884 ዓ.ም. በዚያ አንድ ሩሲያዊ የሕክምና ተማሪ አግብተው 3 ልጆች ወለዱ። ነገር ግን ወደ ኒውዮርክ ከተመለሱ በኋላ ትዳሩ ሰላም አጣ፤ ባላቸውም እስከ መምታት ደረሱ። በ1891 ዓ.ም. መጨረሻ ወይዘሮ ፍሎረንስ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቺካጎ ሸሹ። የተጠጉትም ጄን አዳምስ ድሆችን ለመርዳት ባቋቋሙት በታወቀው በኸል ሐውስ ቤት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን በራሱ ችግር ተይዞ በቀረ ነበር። እርሳቸው ግን በሚቀጥለው ዓመት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የጥናት ሥራ ተቀብለው፥ በየጠባቡ የኪራይ ቤት ልብስ እየሰፉ የሚኖሩትን ቤተ ሰቦች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ቈጠሩ። የሥራውን ሰዓት፥ የደመወዙን ማነስ፥ የሠራተኞቹን ዕድሜ ሁሉ መዘገቡ። ይህ ምርመራ ፍሬ አፍርቶ በ1893 ዓ.ም. በኢሊኖይ አዲስ ሕግ ወጣ። ሕጉ ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ የሴቶችንም የሥራ ሰዓት በቀን 8 ሰዓት ወሰነ። አገረ ገዥው ጆን አልትጌልድ ወይዘሮ ኬሊን ዋና የፋብሪካዎች ተቆጣጣሪ አድርገው ሲሾሙ፥ ከሥራቸው 11 ሠራተኞች ተመደቡላቸው።

ችግሩ የተገለጠው ከዚህ በኋላ ነው። ወይዘሮ ኬሊ ሕግ ያፈረሱትን አሠሪዎች ማስረጃ ሰብስበው ቢያቀርቡም የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ክስ ለመመሥረት ፈቃደኛ አልሆነም። እርሳቸውም አቤቱታ ጽፈው መልስ በመጠበቅ አልተቀመጡም። ቀን በሥራቸው እየዋሉ ማታ ማታ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩና በ1895 ዓ.ም. ተመረቁ። የ3 ልጆች እናት፥ የመሥሪያ ቤት አለቃና ተማሪ ሆነው ይህን መፈጸማቸው ያስደንቃል። ከዚህም ሌላ በ1894 ዓ.ም. በቺካጎ የፈንጣጣ በሽታ ሲነሣ፥ በሽተኛ ባለበት ክፍል የሚሰፋው ልብስ ተላላፊውን በሽታ ወደ ገበያ ይዞ እንዳይሄድ ብርቱ ትግል አደረጉ።

ድካማቸው ግን ወዲያው ዋጋ አላገኘም። በተመረቁበት በ1895 ዓ.ም. የኢሊኖይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የ8 ሰዓቱን ድንጋጌ ሻረው። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አገረ ገዥ ሲመጣ ከሥራቸው ተሰናበቱ። ልጆቻቸውን ለማሳደግም ማታ ማታ በቤተ መጻሕፍት መሥራት ግድ ሆነባቸው።

በ1899 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ ተጠርተው የብሔራዊ የሸማቾች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የማኅበሩ አሳብ ቀላል ነበር። ዕቃ የሚገዛው ሕዝብ፥ ይልቁንም የቤት እመቤቶች፥ ዕቃው በማን ድካም እንደ ተሠራ ጠይቀው ቢገዙ አሠሪው ጠባዩን ሳይወድ ያሻሽላል ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ አንዲት ሴት ብቻዋን የማትችለውን ብዙዎቹ ተባብረው ይችሉታል። ስለዚህ ሕግ ያከበሩና ሕፃናትን የማያሠሩ የሴቶች የውስጥ ልብስ ፋብሪካዎች በልብሱ ላይ የማኅበሩን ነጭ ምልክት እንዲለጥፉ ተፈቀደላቸው። ወይዘሮ ኬሊ ከአገር አገር እየዞሩ ቅርንጫፍ ማኅበሮችን አቋቋሙ፤ ሀብታም እመቤቶችን ምጽዋት ከመስጠት አልፈው ማስረጃ መሰብሰብን አስተማሩ።

የዚህ ዘዴ ኃይል የታየው በ1908 ዓ.ም. ነው። የኦሪገን ግዛት የሴቶችን ሥራ በቀን በ10 ሰዓት የሚወስን ሕግ ነበራት፤ አንድ የልብስ እጥበት ቤት ባለቤት ግን ይህን ሕግ ተቃውሞ ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይኸው ፍርድ ቤት በ1905 ዓ.ም. የኒውዮርክን የዳቦ ጋጋሪዎች የሥራ ሰዓት ሕግ ስለ ሻረ ተስፋው የመነመነ ነበር። ወይዘሮ ኬሊና የሥራ ባልደረባቸው ጆሴፊን ጎልድማርክ ጠበቃውን ሉዊስ ብራንዳይስን ለምነው አስገቡ፤ ማስረጃውንም የማኅበሩ ሴቶች ሰበሰቡ። ከ100 ገጽ በላይ በሆነው የጽሑፍ ክርክር ውስጥ ስለ ሕግ የሚናገረው ሁለት ገጽ ያህል ብቻ ነው። የቀረው የሐኪሞችና የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች ምስክርነት ነበር። ዳኞቹም በአንድ ድምፅ ሕጉን አጸኑት።

ወይዘሮ ኬሊ በዚህ አልተወሰኑም። በ1904 ዓ.ም. የሕፃናትን የጉልበት ሥራ የሚቃወመው ብሔራዊ ኮሚቴ ሲመሠረት፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የቆመው ብሔራዊ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ፤ በዚህም ማኅበር ቦርድ ብዙ ዓመት አገልግለዋል። በ1912 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት ቢሮ እንዲያቋቁምም ከጓደኛቸው ከሊሊያን ዋልድ ጋር ደክመዋል።

እውነቱን ለመናገር ሁሉ ሰው አልተስማማቸውም። ለሴቶች የተለየ ጥበቃ ያስፈልጋል ማለታቸውን፥ ፍጹም እኩልነትን በሕገ መንግሥት ለማጻፍ የታገሉት ሌሎች ሴቶች፥ ሴትን ደካማ አድርጎ ከሥራ የሚያስወጣ አሳብ ነው በማለት ነቅፈውታል። ይህ ክርክር ከእርሳቸው ሞት በኋላም ብዙ ዓመት ቆይቷል።

በ1918 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕፃናትን ሥራ የሚገድበውን የመላ አገሪቱን ሕግ ሻረ። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የሴቶችን ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ሻረ። ወይዘሮ ኬሊ በሽንፈት ላይ ሽንፈት እያዩ የካቲት 17 ቀን 1932 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ከ6 ዓመት በኋላ፥ በ1938 ዓ.ም. የሥራ ሰዓትን፥ የደመወዝን ወለልና የሕፃናትን ሥራ የሚወስነው ሕግ ለመላ አሜሪካ ወጣ፤ በ1941 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት የቀድሞ ፍርዱን ሽሮ ይህን ሕግ አጸና። እርሳቸው ግን ይህን ለማየት አልበቁም።

ከዚህ ታሪክ ወጣቶቻችን የሚቀስሙት ትምህርት ምንድን ነው? በጎ ልብ ብቻውን እንደማይበቃ ነው እንላለን። ወይዘሮ ኬሊ በልጅነታቸው ያዩትን የሌሊት ሠራተኛ ሕፃን በማዘን አልተዉትም። ቈጠሩት፥ ዕድሜውን መዘገቡት፥ ስለ እርሱ የወጣውን ሕግ አጠኑለት። ዐቃቤ ሕጉ እምቢ ባለ ጊዜም ራሳቸው ሕግ ተማሩ። በጠረጴዛው ላይ የድሆች አቤቱታ የተከመረበት ወጣት ሹም መዝገቡን በገለጠ ቁጥር ይህችን የማታ ተማሪ ቢያስታውስ መልካም ይሆናል።